ስሙን ግዙ፣ ሳጥኑን ተከራዩ

መርካቶ ቢሮ ያለው አንድ አስመጪ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን የሒሳብ መኪናውን ወደ እኔ አዙሮ ቁጥር አሳየኝ። አሥር ሠራተኞች አሉት። ለእያንዳንዳቸው የኢሜይል ሳጥን በወር 6 ዶላር ሲከፍል የዓመቱ 720 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ በ57 ብር ሒሳብ 41,040 ብር ነበር። አንዱ ዶላር በ150 ብር ሲመታ ግን 108,000 ብር ይሆናል። «ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው። አንድ ኮምፒውተር ገዝቼ የራሴን ሰርቨር ብተክልስ?» አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በዶላር የሚከፈለውን ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር የነጋዴ ወግ ነው። ደግሞም ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሱት እንደ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ያሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። በእኔ እምነት ግን ነጋዴው የሚከፍለው ለሳጥኑ ሳይሆን ደብዳቤው በሰዓቱ እንዲደርስለት ነው።

መላኩን እንመልከት። ከ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በላኪዎች ላይ ቁጥጥራቸውን አጥብቀዋል። ኤስ.ፒ.ኤፍ. ወይም ዲኪም የተባለው የላኪነት ማረጋገጫ የሌለው፣ የሰርቨሩም ቁጥር በስሙ በትክክል ያልተመዘገበ ላኪ፣ ደብዳቤው ይመለስበታል ወይም ስፓም ውስጥ ይወድቃል። ቁጥሩን ቀድሞ የያዘው ሰው ቆሻሻ መልእክት ሲበትንበት ከነበረም አዲሱ ባለቤት የሌላውን ዕዳ ይወርሳል። የዱባይ አቅራቢ ትዕዛዙ ስፓም ውስጥ እንደተቀበረ አያውቅም፤ ዕቃውን ለሌላ ይሸጣል።

መቀበሉ ደግሞ ይብሳል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ተቀባዩ ሰርቨር ሲጠፋ ላኪው አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ወይም ለ5 ቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከዚያ ደብዳቤውን ይመልሳል። በዚያን ጊዜ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ለነበረ ድርጅት ከውጭ የሚላክለት ደብዳቤ መመለሱ አይቀርም ነበር። ሳጥኑን ውጭ አገር የተከራየው ግን መስመሩ ሲለቀቅ ደብዳቤዎቹን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ጄኔሬተር ናፍጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ሌባ ነው። ሳጥን ውስጥ ሰርጎ የገባ አጭበርባሪ በፕሮፎርማው ላይ ያለውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለውጦ ገንዘቡን ወደ ራሱ ያስልካል። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ መሰል የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ መታጣቱን አስታውቋል። ኪራይም ቢሆን ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ባለሁለት ደረጃ መግቢያውን ማብራት የባለቤቱ ግዴታ ነው። የራስ ሰርቨር ሲሆን ግን ሌሊት የሚጠብቀው ማነው?

ኪራይ የባዕድ ጥገኛ ያደርጋል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። መፍትሔው ግን ሰርቨር መትከል ሳይሆን ስሙን መያዝ ነው። የድርጅቱ ዶሜይን የራሱ ከሆነ፣ አከራዩ ዋጋ ሲያስወድድ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሌላ መዛወር ይቻላል፤ ደንበኛው የሚያውቀው አድራሻ አይለወጥም። ምዝገባው ግን በቴክኒሻኑ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይሁን። የደብዳቤዎቹም ቅጂ በየወሩ ቢሮ ይቀመጥ። በሠራተኛ የግል ጂሜይል የሚነግዱማ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኞቻቸውም አብረውት እንደሚሄዱ ይወቁት።

ቀንና ሌሊት የሚፈራረቅ ባለሙያ ያላቸው ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸውን ቢተክሉ ያዋጣቸዋል። የአሥር ሰው ቢሮ ግን የአንድ ባለሙያ የዓመት ደመወዝ ከ108,000 ብሩ ጋር ያስተያይ። ለወዳጄም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ በእርግጥ ኢሜይል የሚያስፈልጋቸው ስድስት ሠራተኞች ከሆኑ አራቱን ሳጥን ይዝጋ፣ ሒሳቡ ወደ 64,800 ብር ይወርዳል። ከዚያ አልፎ ሰርቨር ልትከል ካለ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስበታል።