ስለ ልጆቻችን የውሃ ሮኬት



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ልጆች ከወላጆቻቸውና ከጓደኞቻቸው ጋር በኳስ ሜዳችን ላይ እየተሰበሰቡ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሰማይ ሲያስወነጭፉ እንደሚያመሹ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህንኑ በሚመለከት ለማኅበራችን ሁለት ዓይነት አቤቱታ ቀርቧል። አንዱ ጨዋታው ጨርሶ ይከልከል ይላል፤ ሌላው ልጆቹን አትንኩብን ይላል። ጉዳዩ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለሚታይ ከዚያ በፊት በበኩሌ የሚሰማኝን ልጻፍ። ይህ የእኔ አስተያየት እንጂ የኮሚቴው ውሳኔ አይደለም።

ይከልከል የሚሉትን አልነቅፍም። ጠርሙስ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ያስደነግጣል። ታሞ የተኛ አለ፤ አራስ አለች፤ መኪናውን ሜዳው ዳር የሚያቆም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ከባድ ነው። በአገራችን ሮኬት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጦርነት ነው። «ሮኬት የሚባል ነገር ከሰፈሬ ይጥፋልኝ» ያሉ እናት አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ግን እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ይሄ ሮኬት እሳት የለበትም፤ ባሩድም የለበትም። የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ሲሶውን ውሃ ይሞሉታል፤ አፉን በቡሽ ይደፍኑታል፤ ቡሹን በበሳችው የኳስ መንፊያ መርፌ በኩል በብስክሌት ፓምፕ አየር ይነፉበታል። አየሩ ሲታመቅ ቡሹን ይፈነቅላል፤ ውሃው ቁልቁል ሲወረወር ጠርሙሱ ሽቅብ ይሄዳል። ትልቁም ሮኬት የሚነሳው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ቁልቁል የሚወረውረው የጋለ ጋዝ መሆኑ ነው። ውሃው ሲበዛ ጠርሙሱ ይከብዳል፤ አየሩም ቦታ ያጣል። ሲያንስ ደግሞ ገፊው ያንሳል። ልጆቹ ይህን ያወቁት እየሞከሩ ነው። ክንፍ ከካርቶን ቆርጠው ሲለጥፉበት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድም ደርሰውበታል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ ይባክናል ለሚሉም መልስ አለ። የሁለት ሊትር ጠርሙስ ሲሶው ሰባት ዴሲሊትር እንኳ አይሞላም። ሃያ ጊዜ ቢተኮስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አያልቅም። እሱም የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ከሮኬቱ ይልቅ ደስ የሚለኝ ሜዳው ላይ የሚታየው ሰው ነው። እሁድን ስልኩን ሲነካካ ይውል የነበረ አባት ከልጁ ጋር ተንበርክኮ ቡሽ ሲሞርድ ይታያል። አያቶች ቡና ይዘው ወጥተው ከልጆቹ ጋር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላሉ። አጥር ተጋርተው ሰላምታ ያልነበራቸው ጎረቤቶች የማን ጠርሙስ በለጠ እያሉ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ይህን በስንት ስብሰባ እናመጣው ነበር?

መከልከል ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የሌላውን አገር ታሪክ ማየት ይበቃል። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄደውን የመጀመሪያ ሮኬት እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 የተኮሰው በዘመዱ እርሻ ላይ ነበር። ሚስቱም አብራው ነበረች። ሮኬቱ 12 ሜትር ተኩል ያህል ወጣ፤ ሁለት ሰኮንድ ተኩል ቆየና ጎመን መሬት ላይ ወደቀ። በ1929 ሌላ ሲተኩስ ድምፁ ጎረቤቱን አስደነገጠ፤ ፖሊስ መጣ፤ በኋላም እዚያ እንዳይተኩስ ተከለከለ። እሱም በ1930 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደና ሥራውን ቀጠለ። ክልከላው ሮኬቱን ከሰፈሩ አራቀው እንጂ አላስቀረውም። የእኛም ልጆች ብንከለክላቸው አይተዉትም። ወደ አስፋልት ዳርና ወደ ግንባታ ቦታ ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ የሚያያቸው አዋቂ የለም።

የሚሻለውን መንገድ ያሳየው አንድ ጫማ ነጋዴ ነው። በዚያው አገር ወጣቶች በየቤታቸው ባሩድ እየቀመሙ ይጎዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ኦርቪል ካርላይል የተባለው ይህ ነጋዴ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ቀላል ትንሽ ሮኬት ሠራ። ቀጥሎም ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት ባለሙያ የጥንቃቄ ደንብ ጻፈለት። ልጁ ባሩድ መቀመም ቀረለት፤ ሞተሩን ተሠርቶ ያገኘዋል። እነዚህ ሰዎች ደንብ አወጡ እንጂ አትጫወቱ አላሉም።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤

1ኛ/ ጨዋታው እሁድ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ይሁን፤ በሰፈሩ ለቅሶ ካለ ይቅር።

2ኛ/ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፤ ፓምፑን የሚይዘው አዋቂ ይሁን።

3ኛ/ ጠርሙሱ የለስላሳ ይሁን፤ የውሃው ስስ ስለሆነ ይፈነዳል። የተሰነጠቀና የተጫጫረ ይጣል። ጫፉ ላይ ስፖንጅ እንጂ ብረት አይደረግ።

4ኛ/ ከሜዳው መሐል ይተኮስ፤ ተመልካች ከ10 ሜትር ወዲያ ይቁም። አልነሳ ባለ ጠርሙስ ላይ ማንም አያጎንብስ።

5ኛ/ ባሩድ፣ ርችትና ክብሪት የገባበት ነገር ሁሉ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

6ኛ/ የተሰበረ ነገር ካለ ወላጆች በጋራ ያሠሩ፤ ጠርሙሱም ሳይለቀም ማንም ወደ ቤቱ አይግባ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። አይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን በልጅነቱ ያላቦካ ጎልምሶም አያቦካም። የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተነሳችው ከቻይና፣ በቻይና ሮኬት ነው። «ለምን በራሳችን አልሆነም?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከየት ይመጣል? ጠርሙስ ካስወነጨፉት መካከል ቢመጣ አይገርመኝም።

እንግዲህ በስብሰባው ላይ ሳትቀሩ ተገኙ። ይከልከል የምትሉም ኑ፤ ደንቡ ላይ የጎደለውን የምትነግሩን እናንተ ናችሁና።

የማኅበሩ ጸሐፊ