ሙዚቃን ተገኝቶ ስለ መስማት

ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው በአካል ተገኝቶ የሰማውን ሙዚቃ ቢቈጥር፥ የዕድሜውን ታሪክ ቈጠረ ማለት ነው። እኔም በጅማ ከተማ በመንደራ ቆጪ የምኖር የፍርድ ቤት ጸሓፊ ስሆን፥ ስለዚሁ ነገር ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስቤአለሁ።

በሕፃንነቴ አስቀድሜ የሰማሁት የቤተ ክርስቲያንን ማኅሌት ነው። ቀጥሎም በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙርን፥ በመውሊድ ሌሊትም ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት የሚወጣውን መንዙማ ሰማሁ። ሦስቱ በቃልና በሥርዓት ይለያያሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሲመራ ሌላው የሚቀበልባቸው ስለ ሆኑ፥ ከሦስቱም ተራን መጠበቅና ሌላውን ማድመጥ ተማርሁ።

ካደግሁ በኋላ፥ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ሰማሁ። የማይተዋወቀው ያ ሁሉ ሰው ባንድ ዜማ ሲወዛወዝ ማየት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ፥ ከክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጋራ በመዝፈን ስማቸው የታወቀው ማሕሙድ አሕመድ ከ80 ዓመት ዕድሜ በላይ ሆነው በሚሌኒየም አዳራሽ ሕዝቡን ሲሰናበቱ፥ አሮጊት እናቴን ይዤ ሄድሁ። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፥ ዘመዶቻችን ጆሮአቸው ለደከመ ሰው ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ምን ይረባል ብለው ነበር። እናቴ ግን ስንወጣ፥ «ልጄ፥ ቃሉ በደንብ አልደረሰኝም፤ ሲስቅ ግን አይቼዋለሁ፤ ይበቃኛል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቈዩ ዐረፉ። ዜማውን በስልክ በየዕለቱ ማሰማት በተቻለኝ ነበር፤ ይህን ደስታ ግን ስልክ አይሰጥም።

ለልጆችም ጥቅሙ ከዚህ አያንስም። በ1936 ዓ.ም. በዚሁ በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላኩት የምሕንድስና ትምህርት እንዲማሩ ነበር። ነገር ግን በዚያ የሙዚቃ ስጦታቸው ስለ ተገለጠ፥ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃን ተምረው፥ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ ጋራ አዋሕደው፥ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ለዓለም አሰሙ። ወላጅ ለልጁ ያሰበው ሌላ፥ በልጁ ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ልጁ መሣሪያውንና የሚጫወተውን ሰው በቅርብ ሲያይ ነው።

ስለዚህ የቤት አባቶች ሆይ፥ ከወዳጅ ጋራ ብቻ ወደ ሙዚቃ መሄድን ትታችሁ፥ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን፥ አረጋውያኑንም ሳይቀር ይዛችሁ ሂዱ። የመግቢያው ዋጋ ቢከብድ፥ በየበዓሉ ያለ ዋጋ የሚሰማው ማኅሌትና መንዙማ በደጃችን ነው። ሙዚቀኛው ነገም በስልክ ይሰማ ይሆናል፤ አብሮን የሚሰማው ሽማግሌ ግን ነገ ስለ መኖሩ ዋስ የለንም።