መጽሐፉን ከመንጠቃችን በፊት እናንብበው



በየአጥቢያው ከወላጆች ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ “ልጄ ጠንቋይና ዘንዶ ያለበት ልብ ወለድ ይዞ አድሮ ያነባል፤ ምን ላድርግ?” ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ አጭር ነው። “ውሰዱበት፣ አቃጥሉት፣ ጸልዩበት” ይባላሉ። እኛ ይህ መልስ ስሕተት ነው እንላለን። መጽሐፍ ቅዱስን በትክክል አልያዘም፤ ልጆቻችንንም ከጥንቆላ አልጠበቀም። እንዲያውም ፋንታሲ ከሚባለው ምናባዊ ልብ ወለድ መካከል መልካሙን መርጦ ለታዳጊ ልጅ “ይህን አንብብ” ብሎ መስጠት የወላጅና የእረኛ ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ጥንቆላ በአገራችን ተረት አይደለም። በጉባኤዎቻችን መካከል ዛር ከሚለመንበት ቤት የመጡ፣ ክታብ በአንገታቸው ታስሮ ያደጉ፣ በጠንቋይ ደጃፍ ደጅ የጠኑ ወገኖች አሉ። ዘዳግም 18፥10-12 ሟርትን፣ አስማትንና ሙታን ሳቢነትን ያወግዛል፤ እኛም ከዚህ ቃል ፈቀቅ አንልም። ስለዚህ “ታሪክ ብቻ እኮ ነው” ብሎ የወላጅን ስጋት ማቃለል አይገባም። ከዚያ ሕይወት በቅርቡ የወጣ ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ኅሊናውን የሚያውከው ከሆነ አይስጡት። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ስለ ደካማ ኅሊና ያስተማረው ለዚህ ጊዜ ነው።

የኤፌሶኑ እሳት

ለማቃጠል የሚቸኩሉ ወገኖች የሐዋርያት ሥራ 19፥19ን ይጠቅሳሉ። በኤፌሶን የተቃጠሉት መጻሕፍት ዋጋ አምሳ ሺህ ብር ነበር። ግን ምን ዓይነት መጻሕፍት ነበሩ? አስማተኞች ይሠሩባቸው የነበሩ የድግምት መጻሕፍት ናቸው። በእኛ አገር ቢሆን መተት የሚደገምበት ጥራዝ እንደ ማለት ነው። ያቃጠሏቸውም ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጌታን አምነው፣ ሥራቸውን ተናዝዘው፣ የራሳቸውን አመጡ። የልጁን ቦርሳ የበረበረ ሰው በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም። ድግምት እንዴት እንደሚደገም የሚያስተምር መጽሐፍ እና ጠንቋይ ክፉ መሆኗን የሚተርክ ታሪክ አንድ ከሆኑ፣ በዓይንዶር መናፍስት ጠሪ ሴት የምትገኝበትን 1ኛ ሳሙኤል 28ን ምን ልናደርገው ነው?

ምናብን ራሱን የሚፈራ ሰው ደግሞ መሳፍንት 9ን ያንብብ። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ፣ ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ ሄደው ወይራውና በለሱ እንቢ ሲሉ እሾህ እንደ ነገሠ ተረከ። ዛፍ እንደማይናገር የሰሙት ሁሉ ያውቁ ነበር፤ መልእክቱ ግን የአቤሜሌክን ግፍ ገለጠ። ናታንም የዳዊትን ልብ የሰበረው በአንዲት በግ ታሪክ ነው። እኛ ራሳችን “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” እያልን፣ የሚያወራ ጅብና ብልጥ ጦጣ ይዘን አድገናል። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለስንት ሺህ ልጆች ተረት ነግረዋል። በዚያ ምክንያት ጅብ ያመለከ ልጅ አናውቅም።

አማኞች የጻፏቸው

“ፋንታሲ የዓለም ነው” የሚሉ ወገኖች የጽሑፉን ታሪክ ቢመረምሩ ይደነቃሉ። ስለ ወንጌል በቤድፎርድ ወኅኒ ዓመታት ያሳለፈው ጆን ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው የመንፈሳዊው መንገደኛ ታሪክ ግዙፍ ሰው አለው፤ አጶልዮን የሚባል አስፈሪ ፍጡርም አለው። የስኮትላንዱ ጆርጅ ማክዶናልድ ሰባኪ ነበር፤ በ1858 ያወጣው ምናባዊ ታሪክ እግዚአብሔር የለም ይል ለነበረ አንድ ወጣት ልብ በር ከፈተ። ወጣቱ ሲ ኤስ ሉዊስ ነው። ሉዊስ በ1931 ወደ ክርስቶስ ሲመለስም፣ በምናባዊ ታሪኮቹ የሚታወቀው ወዳጁ ቶልኪን ያወያየው ስለ ጥንታውያን ተረቶችና ስለ እውነተኛው ታሪክ፣ ስለ ወንጌል ነበር።

ሉዊስ ከ1950 እስከ 1956 ሰባቱን የናርኒያ መጻሕፍት አወጣ። የመጀመሪያው በርዕሱ ላይ “ጠንቋይ” የሚል ቃል ስላለ ብቻ ከቤት የሚባረርበት ጊዜ አለ። ሽፋኑን ገልጦ ያነበበ ግን የሚያገኘው ሌላ ነው፦ በጣፋጭ ተታልሎ ወንድሙንና እኅቶቹን የከዳ ልጅ፣ ሞት የተገባው ከዳተኛ፣ በእርሱም ፋንታ በድንጋዩ ገበታ ላይ የሚታረድ አንበሳ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ይህን አንብቦ ሲያለቅስ፣ ስለ ቤዛነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ምሽት ከየት ይመጣል?

የቶልኪን የቀለበቱ ታሪክ ረዘም ስለሚል ለአሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ይሁን። በዚያ ውስጥ ጠቢቡ ሽማግሌ የኃይል ቀለበቱን አልቀበልም ይላል፤ በጎ ላደርግበት ብመኝ እንኳ ያጠፋኛል ብሎ ይፈራዋል። ይህን ትምህርት ለወጣቶች ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለአገልጋዮችም እንመክራለን።

በምን እንመዝን?

“አስማት አለበት ወይስ የለበትም?” የሚለው መመዘኛ ብዙ ያሳልፋል። በታዳጊ ሴቶች ዘንድ እጅግ የተነበበውን ትዋይላይትን እንውሰድ። ወላጅ የሚደነግጠው ጀግናው ደም መጣጭ ስለሆነ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላው ነው። ይህ ወንድ ልጅቱ ሳታውቅ ሌሊት ክፍሏ እየገባ ስትተኛ ያያታል፤ መጽሐፉም ይህን ፍቅር ብሎ ያቀርበዋል። ደም መጣጭ እውን እንዳልሆነ ልጃችን ታውቃለች። እንዲህ ያለ ወንድ ግን እውን ነው፤ ነገ በሯን ሊያንኳኳ ይችላል። በአንጻሩ ሃሪ ፖተር ውስጥ የእናት ራስን መስጠት ከሞት የበረታ ሆኖ ይታያል፤ ደግሞም ልጆቹ ዋሽተው ሕግ ጥሰው የሚመሰገኑበት ቦታ አለ። ሁለቱንም ከልጁ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ታሪክ ክፉውን ክፉ፣ መልካሙን መልካም ይለዋል? አንባቢውን ምን እንዲወድ ያስለምደዋል? ልጁ ከመጽሐፉ ወጥቶ አስማቱን እንዲሞክር፣ ኮከብ እንዲያስቆጥር ይገፋዋል? ለሦስተኛው መልሱ “አዎ” ከሆነ መጽሐፉ ይቅር፤ በዚህ አንደራደርም።

የራሳችን ጓዳ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ናርኒያ በተከለከለበት ቤት፣ ያው ልጅ በስልኩ የ“ነጻ ማውጣት” ቪዲዮ ለሰዓታት ሲያይ የሚናገረው የለም። ማይክራፎን ለጋኔን ይሰጣል፤ “ማን ላከህ? ማን አስደገመባት?” ተብሎ ይጠየቃል። የሐሰት አባት የመለሰው እንደ ምስክርነት ይሰራጫል፤ በማግስቱ ምስኪን አክስት ወይም ጎረቤት በመተት ትጠረጠራለች። ጌታ አጋንንትን እንደሚያወጣ እናምናለን። ነገር ግን እርሱ በማርቆስ 1 ዝም አሰኛቸው እንጂ መድረክ አልሰጣቸውም። ልብ ወለድ የያዘ ልጅ የሚያነበው ፈጠራ መሆኑን ያውቃል፤ ቪዲዮውን የሚያየው ግን እውነት ነው ተብሎ ነው። ለልጆቻችን እንቅልፍና ለጎረቤት ፍቅር የትኛው የከፋ እንደሆነ ፍረዱ።

“መጽሐፍ ቅዱስ አይበቃቸውም ወይ?” የሚሉን አሉ። ለመዳንና ለሕይወት ይበቃል። ዳንኤል ግን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል፤ በንጉሡ መብል ላለመርከስ ደግሞ በልቡ ቆርጧል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የቻለው ቃሉ ስለነበረው ነው። ልጆቻችን እንዲህ እንዲለዩ የምንፈልግ ከሆነ፣ እኛ እያለን፣ በቤታችን፣ በእጃችን ይለማመዱ። የተነጠቀ ልጅ ማንበቡን አይተውም፤ ለእኛ መንገሩን ይተዋል።

እንግዲህ ወላጆች፣ መጽሐፉን ቀድማችሁ ወይም አብራችሁ አንብቡት። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ያላችሁ፣ ልጃችሁ የሚያነብበት ቋንቋ ቢከብዳችሁ ቡና ሲፈላ ታሪኩን በአማርኛ እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። አማርኛውም ይሰላል፤ ልቡም ይከፈታል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችም ከክልከላ ዝርዝር ይልቅ የሚነበብ ዝርዝር አዘጋጁ። በራእይ 12 ቀይ ዘንዶ አለ፤ መውደቁም ተጽፏል። ዘንዶ የሚሸነፍባቸውን ታሪኮች የሚወድ ልጅ ካላችሁ፣ የበጉን ድል ለመንገር ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ የቀረውን አብራችሁት ሂዱ።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን።