ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት መንጋጋው ይታይ



ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፀሐይ በምትወጣበት ቀን ሁሉ በሰው ልጅ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ሰደቃ እንዳለበት፣ መልካም ንግግርም ከሰደቃ እንደሚቆጠር አስተምረውናል። ያንን መልካም ንግግር የምንናገርበት፣ ቁርኣን የምንቀራበትና እህል የምናኝክበት መገጣጠሚያ ከጆሯችን ቀዳዳ ፊት ለፊት ይገኛል። ጣትዎን እዚያ ላይ አሳርፈው አፍዎን ቢከፍቱ ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል።

ይህ መገጣጠሚያ ወይም በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲታመም ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። አንዱ «ጆሮዬን» ይላል፤ ሌላው «ራሴን»፤ ሌላው ደግሞ «ጥርሴን»። በዚህም የተነሳ ጤነኛ ጥርስ ያለ ጥፋቱ የሚነቀልበት ጊዜ አለ። የተነቀለው ጥርስ አይመለስም፤ ሕመሙ ግን ባለበት ይቆያል።

ታዲያ በምን ይለያል? ጠንቃቃ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አስቀድሞ ይጠይቃል። ሲያኝኩ ወይም ሲያዛጉ ይብስብዎታል? መንጋጋዎ ተቆልፎ ያውቃል? ሌሊት ጥርስ ያፋጫሉ? ጫት በአንድ ጉንጭ ይዘው ለሰዓታት ይቅማሉ? ቀጥሎ ይለካል። ጤነኛ አዋቂ አፉን ሲከፍት በላይና በታች የፊት ጥርሶቹ መካከል 40 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት ይኖራል፤ ይኸውም በግምት የራሱ ሦስት ጣቶች የሚገቡበት ነው። አገጩ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉንም ያያል፤ አንገቱንም ይመረምራል። ከዚያም የጉንጩንና ከጆሮ በላይ ያለውን ጡንቻ በጣቱ ጫን እያለ «ያ የሚያውቁት ሕመም ይህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በ2014 (እ.ኤ.አ) የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርትም ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ቦታ ይሰጣል።

መንጋጋ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ብቻውን፣ ካላመመና ካልተቆለፈ፣ በአብዛኛው ሕክምና አያሻውም። በአንጻሩ ሕመሙ ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ እብጠትና ትኩሳት ካለው፣ ወይም ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ከአዲስ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

አላህ (ሱ.ወ) መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ተነግሮናል። መድኃኒቱ ግን በሽታውን ለይቶ ከማወቅ ይጀምራል። ስለዚህ የእናትዎ ወይም የልጅዎ ጥርስ «ይነቀል» ሲባል፣ «መንጋጋውስ ታይቷል ወይ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ።

ወሏሁ አዕለም።