ሜዳውን ነጥቀን ስልክ አስታቀፍናቸው!

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል ነበር ድሮ። ዘንድሮ ነገሩ ተገለበጠና ትልቅ ሰው ያቦካውን ልጅ እየበላው ነው። እንዲያው ልብ በሉ! አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ግቡ፣ ሠርግ ሂዱ፣ ለቅሶ ድረሱ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስልክ ታቅፎ ታገኙታላችሁ። ካርቱን ካልተከፈተለት አይጎርስም። ስልኩን ሲቀሙት መሬት ላይ ይንፈራፈራል። እናት ሥራ፣ አባት ሥራ፤ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ እንጀራው፣ ልብሱ፣ ወጡ ሁሉ በጫንቃዋ ላይ ነው። ልጁን ዝም የሚያሰኝላት ስልኩ ብቻ ነው። ታዲያ በእሷ ይፈረዳል? በበኩሌ አልፈርድባትም።

«የዘመኑ ልጅ እኮ ተፈጥሮው ነው» የሚሉም አሉ። ኧረ ተዉ ጎበዝ! ስልክ ወዶ የተወለደ ልጅ የለም። ልጅ የሚወደው ልጅ ነው፤ ሩጫና አፈር፣ ብይና አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና የካልሲ ኳስ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ወስደንበት ሲያበቃ የቀረለትን ቢይዝ ጥፋቱ የማን ነው?

ስክሪን አገራችን የገባው ዛሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስንቱ ትውልድ በአባባ ተስፋዬ (ነፍሳቸውን ይማርና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት) ተረት አድጓል። ነገር ግን ያ ፕሮግራም ሰዓቱ ሲደርስ ይጀምራል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ያልቃል። ልጁም ተነስቶ ሰፈር ይወጣና የሰማውን ተረት ለጓደኛው ይደግማል። የዛሬው ማለቂያ የለውም። ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ይከፍታል። ቲክቶክ በጣት በተገፋ ቁጥር አዲስ ነገር ያመጣል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ተመልካቹ እንዳይነሳ ተብሎ በብዙ ገንዘብና በብዙ መሐንዲስ የተሠራ ነው፤ ነጋዴው የሚያተርፈው በተመልካቹ ዕድሜ ነዋ! ትልቁ ሰው ያልቻለውን ወጥመድ የአራት ዓመት ሕፃን በጥሶ ይውጣ ማለት ግፍ ነው።

ጉዳቱስ ምንድነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ መክሯል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ማየት የለበትም፤ ቢቀንስ ይመረጣል ይላል። በዚሁ መመሪያ መሠረት የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት፣ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። አሁን እያንዳንዳችን የቤታችንን ሂሳብ እንሥራ!

ማታ ዓይን ላይ የሚያበራው ስክሪን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል። ያልተኛ ልጅ ጧት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፣ የተማረው አይያዝለትም። ስልክ ላይ ተተክሎ የሚውል ዓይን ደግሞ ሩቁን ማየት እያቃተው ይሄዳል። አፍ መፍታትም እንዲሁ ነው። ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው ሲያወሩትና ሲመልስ ነው፤ ካርቱን ግን መልስ አይጠብቅም። (ኦቲዝም የሚመጣው ከስልክ ነው እየተባለ የሚናፈሰው አልተረጋገጠም። አፉን የዘገየ ልጅ ያለው ወላጅ የጎረቤት ወሬ ሳይሆን ሐኪም ያማክር።)

በዚህ ላይ ሌላ ጉድ አለ። የዩቲዩብ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራ፣ ከአያቱ ጋር መግባባት ያቃተው የአዲስ አበባ ልጅ እየበዛ ነው። ወላጅ ደግሞ «ልጄ እኮ አማርኛ አይችልም» እያለ በኩራት ይናገራል! አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በአስተርጓሚ ሲያወሩ ከማየት የባሰ ምን ውርደት አለ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ልጅ ስልኩን ትቶ የት ይሂድ?

እኔ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት ግቢ ለልጆች መጫወቻ የተተወው ቦታ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆች ኳስ ይዘው ብቅ ሲሉ ዘበኛው ያባርራቸዋል። የሰፈር ሜዳ የነበረው ፎቅ በቅሎበታል። ብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት በተከራዩት ቪላ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ግቢያቸው ልጅ አያስሮጥም። በ2016 ዓ.ም. ኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳና ሌሎች ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ስለ ቤቱና ስለ ቅርሱ ብዙ ተባለ። ሰፈር ግን ለልጅ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ አብሮ አደግ ነው፤ «ማነህ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚቆጣ ጎረቤት ነው። ልጆቹ ከተማ ዳር ተበትነው ማንንም በማያውቁበት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲቆለፍባቸው ስልክ ይዘው ቢውሉ ምን ይገርማል?

አዎን፣ በአዲሱ አስፋልት ዳር የልጆች መጫወቻ ተሠርቷል፤ አንክድም። ነገር ግን ከከተማው ጥግ ተነስቶ በታክሲ ተሰልፎ እዚያ የሚደርሰው የማን ልጅ ነው? በ2012 ዓ.ም. እንደተከፈተው አንድነት ፓርክ ያለውም የሚገባው በገንዘብ ነው። ልጅ በየቀኑ የሚጫወትበት ቦታ በእግሩ ሄዶ፣ እናቱ ስትጠራው የሚሰማበት መሆን አለበት። ስልክ የሌለው የድሃ ልጅም አላመለጠም፤ ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈተው የፕሌይስቴሽን ቤት የዳቦውን ሳንቲም ይቀበለዋል።

ሜዳ ስል የልጅነት ናፍቆት እየተረኩ አይደለም። ታይዋን ውስጥ ዓይናቸው የደከመ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 50 ደርሰው ነበር። መንግሥት ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲውሉ አደረገ። በ2015 ቁጥሩ ወደ 46 ወረደ። መድኃኒቱ የፀሐይ ብርሃንና ሜዳ ነው፤ እኛ ደግሞ ፀሐይ በነፃ የታደልን፣ ሜዳ በገንዘብ የሸጥን ሕዝቦች ነን።

መንግሥትስ? ስለ ኢንተርኔት ምን አገባኝ እንዳይል! በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ ቲክቶክንና ዩቲዩብን ዘግቶ አይተነዋል። ትልልቆቹ ፌስቡክ ላይ ስለሚናገሩት አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አውጥቷል። ወንበር ሲነቀነቅ ያየነውን ጥድፊያ ለልጆች እንቅልፍ ሲሆን አላየሁትም። ይዘጋ እያልኩ አይደለም፤ መዝጋትን ጠግበናል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳደረገችው ልጆች በሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ ጌም ይጫወቱ ተብሎ ይታወጅም አልልም። አውስትራሊያ ግን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ስትወስን ግዴታውን የጫነችው በወላጅና በልጅ ላይ ሳይሆን በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ከዚህ የምንማረው አለ። የእኛው ቴሌስ ቢሆን በርካሽ «የሌሊት ጥቅል» ሲሸጥ ሌሊት ስልክ ላይ የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠይቆ ያውቃል?

«ጦርነቱ ሚሊዮን ልጆችን ከትምህርት ገበታ ባፈናቀለበት አገር ስለ ስክሪን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝ ይኖራል። ቁጭቱ ይገባኛል። ነገር ግን የአንዱ ልጅ ቁስል የሌላውን አይሽረውም። ደግሞም ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ልጅ በዕቅዳችን ውስጥ ስለሌለ ነው።

ምን ይደረግ? የጋራ መኖሪያ ማኅበራት የልጆቹን ቦታ ከመኪና ያስለቅቁ። የከተማው አስተዳደር በየቀበሌው አንድ ሜዳ፣ ያለ ክፍያና ያለ ሪቫን፣ ይተውልን። ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የጀመሩትን የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ትተው ወደ ደብተር ይመለሱ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ገበታ ሲቀርብና መኝታ ሲደርስ ስልክ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ የአባትየው! አባት ስልኩ ላይ ተደፍቶ «ልጄ ስልክ ለመደብኝ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ልጆቻችን ሱሰኛ ሆነው አልተወለዱም። መሄጃ አጥተው ነው። መሄጃ ስጧቸው፤ ስልኩን ራሳቸው ያስቀምጡታል።

ቸር ይግጠመን!