የጤና መድኑና ሰደቃችን

በዚህ የረመዷን ወር ከኢፍጣር በኋላ በየቤቱ ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ነው። «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» የሚሉ አሉ። «መድን ሐራም አይደለም ወይ?» ብለው የሚጠይቁም አሉ።

ዑለማዎች የተቃወሙት ለትርፍ የሚሸጠውን መድን ነው። ይህኛው ግን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመርም መረዳጃ ነበር፤ ቤተሰብ በየዓመቱ ያዋጣል፣ የታመመ ይታከምበታል፣ ለድሃው መንግሥት ይከፍልለታል። እኛ ከተካፉል የራቀ ሆኖ አናየውም። እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ የተከፈተው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታልም በወቅፍ ገቢ ሀብታም ድሃ ሳይል ያክም ነበር።

ሆኖም መዋጮ የሰበሰበ አማና ተቀብሏል። አባሉ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ አማናው ጎድሏል። ይህን ማስተካከል የመንግሥት ግዴታ ነው።

ውድ ቤተሰቦች፣ ጤነኞች ስንሆን እናዋጣ። ከድሆች መዝገብ የቀረ፣ መክፈልም ያቃተው ጎረቤት ካለን ደግሞ የዘንድሮ ሰደቃችን የእሱ መዋጮ ይሁን። የታመመ ሰው ለመታከም ላሙን እንዳይሸጥ ማድረግ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።