ዱቡሻ እያለን ስብሰባ ለምን ገደለን?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ውድ አንባቢያን፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ስብሰባ በተጠራ ቀን እውነቱን የተናገራችሁት የት ነው? አዳራሹ ውስጥ ነው ወይስ ከስብሰባው በኋላ ሻይ ቤት? መልሱን እናውቀዋለን። እኛም የተናገርነው ሻይ ቤት ነው።

እኛ አርባ ምንጭ ተቀጥረን የምንሠራ ወይም ሠርተን የወጣን ወጣቶች ነን። ግማሻችን ሲቀላ፣ ግማሻችን ሴቻ ነው የምንውለው። አንዳንዶቻችን የመንግሥት ደመወዝተኞች ነን፤ ሌሎቻችን የግል ድርጅት። ማታ ተገናኝተን ጁስ ስንጠጣ ግን ወሬያችን አንድ ነው፦ «ዛሬ አለቃዬ ምን አለኝ መሰላችሁ?» ወይም ደግሞ የባሰው፦ «ዛሬም አለቃዬ ምንም አላለኝም!»

ይህ ጽሑፍ ለአለቆቻችን ነው። አንብበው እንደሚቆጡን እናውቃለን። ይቆጡ! ቢያንስ አንድ ቀን አዳመጡን ማለት ነው።

የስብሰባው ትያትር

ትያትሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለ3፡00 የተጠራው ስብሰባ 4፡15 ላይ ይጀመራል። ኃላፊው አንድ ሰዓት ተኩል ይናገራሉ። ከዚያም ሰዓታቸውን አየት ያደርጉና «አሁን መድረኩ ክፍት ነው፤ በነፃነት ተወያዩ» ይላሉ። ጸጥታ። አንድ ሰው ይስላል። ከዚያ ሁሌም የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ይነሡና የቀረበው ሪፖርት እጅግ ሰፊና ገላጭ እንደነበር ይመሰክራሉ። ድንገት አንድ አዲስ ተቀጣሪ ተሳስቶ እውነተኛ ጥያቄ ከጠየቀ «ጥሩ ነጥብ ነው፤ ይታሰብበታል» ይባላል። ይጨበጨባል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሠራተኛው ሰፊ ውይይት አድርጎ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል።

የት ነው የታሰበበት? መቼ? በማን? እስከ ዛሬ «ይታሰብበታል» ተብሎ የታሰበበት ጉዳይ ያየ ሰው ካለ ይንገረን።

ይህን እንደ ቀልድ የሚያይ ካለ ከመካከላችን የአንዷን ታሪክ ይስማ። መሥሪያ ቤቱን አንጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅቱ ባለሙያ ነች። በመጀመሪያው ዓመቷ ግምገማ ላይ አንድ የዕቅድ ስሕተት አነሣች። ከሰው ሁሉ ፊት «አፍራሽ አመለካከት አለሽ» ተባለች። ውጤቷ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የጨረታ ሰነድ እጇ ገባ። ሊገዛ የታሰበው ቧንቧ መለኪያው ከነባሩ የውሃ መስመር ጋር አይገጥምም። አየችው። ሁለት ቀን አሰበችበት። ከዚያ ሰነዱን ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አሳለፈችው። ዕቃው መጣ፤ አልገጠመም፤ ተመለሰ። ክርክሩ ሳያልቅ ሰኔ 30 ደረሰ። በጀቱ ተመላሽ ሆነ። መስመሩን ሲጠብቁ የነበሩ እናቶች ክረምቱን ሙሉ ከወንዝ ቀዱ።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» ትላለች እሷ ዛሬ። ልክ ነች፣ የእሷም ነው። አንሸፋፍነውም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ያንን ዝምታ ማን አሠለጠነው? ዝም እንድትል ያስተማሯት ሰዎች የዚያን ዓመት ግምገማቸው «በጣም ጥሩ» ነበር!

ከቢፒአር እስከ ካይዘን

ችግሩ ትናንት አልተፈጠረም፤ «ሥልጠና ይሰጥ» ተብሎም አይፈታም። ሥልጠናማ ጠግበናል! በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢፒአር መጣ። የቢሮ ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። ቀጥሎ ቢኤስሲ መጣ። ቀጥሎ 1 ለ 5 እና የለውጥ ሠራዊት መጣ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመና ካይዘን በየመሥሪያ ቤቱ ተሰበከ።

የእኛ ወግ ሁሌም አንድ ነው፤ ቅርጹን እንወስድና ነፍሱን ጉምሩክ ላይ እንተወዋለን። ካይዘን የሚባለው ነገር መሠረቱ ምንድን ነው? የመስመር ሠራተኛው ማሻሻያ ያመነጫል የሚል እምነት ነው። በቶዮታ ፋብሪካ ተራው ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ ምልክት ይሰጣል፤ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እኛ ጋ የመጣው ግን ጠረጴዛ ማጽዳትና ዕቃ ላይ ምልክት መለጠፍ ነው። ገመዱ የት አለ? ገመዱን የሳበችው ልጅ ምን እንደሆነች ከላይ ነግረናችኋል።

ግምገማም እንዲሁ ነው። «ሂስና ግለሂስ» የሚለው ቋንቋ ከትግል ሜዳ ወደ ቢሮ ገባ። ሰው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ራሱን ይከስሳል፣ ጓደኛውን ይከስሳል። አለቃውን ግን ማን ይከስሳል? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ድርጅቶቹና ስሞቹ ተለዋውጠዋል፤ ፍርሃቱ ግን ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

የጋሞ ሽማግሌዎች የሚያውቁት

የሚያናድደን ይህ ሁሉ የሚሆነው የት እንደሆነ ስናስብ ነው። በጋሞ ምድር! ዱቡሻ ባለበት አገር!

ለማያውቅ አንባቢ፤ ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚዳኝበት፣ የሚታረቅበት አደባባይ ነው። ጉባኤው በምርቃት ተከፍቶ በምርቃት ይዘጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ነገር ተብላልቶ ስምምነት ላይ እስኪደረስ ይመከራል እንጂ በጥድፊያ አይቋጭም። በዚያ ቦታ ውሸት መናገር ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ በሰውም በከብትም በእርሻም ላይ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ይፈራል። ሃላቃ ተብሎ የሚሾመውም ሕዝብ መርጦ ነው። ከአርባ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ ኦቾሎ ላይ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እነዚህን ጉባኤዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሞባቸዋል። ፈረንሳዊ ባሕር ተሻግሮ ሊማርበት የመጣውን ነገር የእኛ ኃላፊዎች በመኪና እያለፉት ቢሮ ይገባሉ።

መስከረም 2011ን እናስታውስ። በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ነደደ። ለበቀል የወጣውን ያን ወጣት ማን አቆመው? እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩ አባቶች! ዱላ አላነሡም። «በአስቸኳይ ተበተኑ» የሚል ማስታወቂያም አልለጠፉም። በዕድሜ ልጆቻቸው የሆኑ ሰዎች ፊት ተንበረከኩ፤ ለመኑ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አገር ሁሉ አደነቃቸው።

እዚህ ላይ አለቆቻችንን እንጠይቅ። እነዚያ አባቶች ሥልጣናቸው የቀነሰው ሲንበረከኩ ነው እንዴ? አይደለም፤ የጨመረው ያኔ ነው። እናንተ ግን «ተሳስቻለሁ» የሚለውን አንድ ቃል ለመናገር ወንበራችሁ የሚወድቅ ይመስላችኋል።

ዱቡሻን ግን አናመልከውም። በባህሉ ሴቶች እንደ ወንዶቹ አይናገሩበትም ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከአደባባዩ ተገፍተው ኖረዋል። ይህን መደበቅ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ጎሜ ነው። ይልቅ በዚሁ ዓይን ቢሯችንን እንየው። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው፣ ተላላኪው፣ ኮንትራት ሠራተኛው ስብሰባ ተጠርተው ያውቃሉ? ውሃው የት እንደሚያፈስ፣ ባለጉዳይ ለምን እያለቀሰ እንደሚወጣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዱቡሻ መልካሙን ጥለን ክፉውን ብቻ ነው የወሰድነው።

«ሥራ ዕድር አይደለም»

መልሳችሁን እናውቀዋለን። «ሥራ ዕድር አይደለም፤ ሁሉም ከተናገረ መቼ ይሠራል? ዲሲፕሊን ያስፈልጋል።»

ዲሲፕሊን ያስፈልጋል፤ ተስማምተናል። የመጨረሻውን ውሳኔም እናንተ ወስኑ፤ ፊርማው የእናንተ ነው። የእኛ ጥያቄ ከመፈረማችሁ በፊት የምታውቁት ምን ያህል ነው የሚል ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና የገጠማት ነገር ይህንን ያስረዳል። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ትንሽ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠበቀች። የተመዘገበው ግን ተቃራኒው ሆነ፤ ጥሩዎቹ ቡድኖች ብዙ ስሕተት ነበራቸው! ምክንያቱን ስትመረምር እነዚያ ቡድኖች ስሕተታቸውን በግልጽ የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ይደብቁ ነበር። ስለዚህ «በእኔ መሥሪያ ቤት ምንም ችግር የለም» የሚል ሥራ አስኪያጅ ስታዩ ፍሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሁለተኛው መልሳችሁ «የዘመኑ ልጅ ስስ ነው፤ ጭንቀት ጭንቀት ይላል» የሚል ነው። ጭንቀቱስ ከየት መጣ? ከምሽቱ 4፡00 ላይ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ነገ ጠዋት ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን» ተብሎ ይለጠፋል። ያላየ ጠዋት ይወቀሳል። ያየ ሌሊቱን አይተኛም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቴሌግራሙን ሰዓት ማን ይቆጥረዋል? ይህን «የፈረንጅ ቅብጠት» የሚል ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በድባቴና በጭንቀት ምክንያት ዓለም በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ታጣለች ብለዋል። ምርት ምርት ለምትሉ አለቆች፣ ይኸው የምርት ቁጥር!

ስለ ደመወዝም እናንሣ። ባለፉት ዓመታት በደቡቡ የአገራችን ክፍል በተለያዩ ቦታዎች ደመወዝ ሲዘገይ አይተናል። ገንዘቡን መፍጠር የማይችል ኃላፊ እንዳለ እንረዳለን። ቃሉን መፍጠር ግን ይችላል! «በዚህ ወር እስከ 15 አይገባም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሐሙስ የደረስንበትን እነግራችኋለሁ» ማለት ስንት ብር ያስወጣል? ዝም ሲባል ሰው ለአከራዩ ምን ብሎ ይንገር? ከዕዳው በላይ የሚያዋርደው አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ሠራተኛ ብቻ አይደለንም፤ መፍትሔም አለን። አዲስ ምህጻረ ቃል ግን የለውም፤ ይቅርታ።

በስብሰባ ላይ አለቃ መጨረሻ ይናገር። መጀመሪያ ከተናገረ ሌላው የእሱን ቃል ይደግማል። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁሌም «ባለፈው የጠየቃችሁት ይህ ነበር፤ መልሱ ይህ ነው» የሚል ይሁን። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንቀበላለን፤ ምክንያቱ ብቻ ይነገረን። ሰው በአደባባይ ይመስገን፣ ለብቻው ይታረም። በስብሰባ የተነሣ ሐሳብ በግምገማ ነጥብ መቀነሻ እንዳይሆን በጽሑፍ ይታገድ። ከሥራ ሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ ካልሆነ በቀር መልእክት አይላክ። በወር አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 15 ደቂቃ ይሰጥ፤ ጥያቄውም አንድ ይሁን፦ «ሥራህን የከለከለህ ምንድን ነው?» ከዚያ ማዳመጥ። ስልክ ሳይነኩ!

ይህ በተለይ ዛሬ ያስፈልጋል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ። አርባ ምንጭ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ዲላ እየተባለ በስልክና በደብዳቤ የሚሠራ ሥራ በዛ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ያልተግባባን ሰዎች በሁለት ከተማ መካከል እንዴት እንግባባ?

ለእኛ ቢጤ ወጣቶችም ቃል አለን። ሻይ ቤት ውስጥ ጀግና መሆን ይብቃን። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። ብቻችንን ስንነሣ ይቀጡናል፤ ሦስት አራት ሆነን፣ በጨዋ ቃል፣ በጽሑፍ ስናቀርብ ግን ለመቅጣት ይከብዳል። ያቺ የቧንቧዋ ልጅ አጠገቧ አንድ ሰው «እኔም አይቼዋለሁ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር። ራሷ ነው የነገረችን። አጠገቧ የተቀመጠው ደግሞ ከእኛ አንዱ ነበር። አይቶታል። ዝም ብሏል።

ስለዚህ ይህንን ጽሑፍ ለአለቆቻችን ብንጽፈውም መጀመሪያ ያነበብነው ለራሳችን ነው። ነገ ስብሰባ አለን፤ ለ3፡00 ተጠርቷል። በሰዓቱ እንገባለን። እንናገራለንም።

ቸር እንሰንብት!